ለማን ነው የምትጽፈው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፏን ምዕራፍ አራት ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። ሠንጠረዦቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና «ዶክተር፣ መላሾቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በአገልግሎቱ በጣም ረክተናል ብለዋል። ጥሩ ውጤት ነው አይደል?» አለችኝ። ወዲያው አልመለስኩላትም። ያንን ሠንጠረዥ አውቀዋለሁና። እኔም ከዓመታት በፊት ሠርቼዋለሁ፤ «ዶክተር» የተባልኩትም በእርሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሌሎች ጥናት ከመተቸቴ በፊት፣ በራሴ ጥናት ውስጥ መጻፍ ሲገባኝ ያልጻፍኩትን ልናዘዝ።

ነገሩ የሆነው በ2005 ዓ.ም. ነው። ጥናቴ የገጠር ነዋሪዎች ስለ አካባቢያቸው አስተዳደር ያላቸውን አመለካከት የሚመለከት ነበር። በአንድ ደጋማ ቀበሌ ከሚኖሩ 330 አባወራዎች 181ዱን መረጥኩ። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ የአገራችን ተመራቂ ሁሉ ያውቀዋል፤ አምስት በመቶ ስሕተት ፈቅደን በያማኔ ቀመር የምናወጣው የናሙና መጠን ነው። የድጋፍ ደብዳቤዬን ይዤ ስቀርብ «መንገድ የሚያሳይህ ሰው እንመድብልሃለን» ተባልኩ።

የተመደበልኝ ሰው ትሑትና ቅን ነበር። ውሻ ሲመጣብኝ ይከላከልልኛል፤ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይይዝልኛል፤ ስጠይቅም ከአጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ችግሩ መስማቱ ነበር። ቤተሰቦችን በአንድ ለአምስት አደራጅቶ የሚመራው፣ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበትን ለይቶ የሚያውቀው፣ የሴፍቲኔት ተረጂዎች ዝርዝር ሲዘጋጅ ቃሉ የሚደመጠው እርሱ ነው። ከመጠይቄ ውስጥ 14ኛው ዓረፍተ ነገር «አስተዳደሩ ለማቀርበው ቅሬታ ተገቢ ምላሽ ይሰጠኛል» ይላል። አብዛኛው ሰው «በጣም እስማማለሁ» አለ። አንዳንዱማ አንብቤ ሳልጨርስ ይስማማል።

አንድ ቀን መንገድ መሪዬ ቀብር ሄደ። እኔም በዋዜማው ካነጋገርኳቸው አንድ አዛውንት ዘንድ አንድ ገጽ ዘልዬ ኖሮ ብቻዬን ተመለስኩ።

«የትናንቱ ሰውዬስ?» አሉኝ።

«ቀብር ሄዷል፣ አባቴ።»

ወደ ደጅ ወጣ ብለው ግራ ቀኙን ቃኙና ተመልሰው ተቀመጡ። «ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ለትምህርቴ ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ ጻፍ» አሉ። ከማሳቸው ጠርዝ ስለተቆረሰባቸው መሬት ሦስት ጊዜ አመልክተዋል፤ በሦስተኛው «አርፈህ ተቀመጥ» ተብለዋል። እኔም በመገረም «ትናንት ግን በጣም እስማማለሁ ብለውኝ ነበር» አልኳቸው።

«ትናንት የጠየቀኝ እሱ ነው፤ ለሱ መለስኩ። ዛሬ የጠየቅኸኝ አንተ ነህ።»

ስነሣ ደግሞ «ስሜን እንዳታነሣው፣ ልጄ» ብለው አስከትለው ሸኙኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ቀን ምን ማድረግ እንደነበረብኝ አላጣሁትም። የአንድ ሰው መልስ ከተሰረዘ የ180ዎቹስ? ይህን ጥያቄ ካነሣሁ ገንዘቡም ጊዜውም ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ የአዛውንቱን የትናንት መልስ እንዳለ ይዤ ወደ ከተማ ተመለስኩ። የመጠይቄን ውስጣዊ ወጥነት የሚለካው የክሮንባክ አልፋ 0.91 ሆኖ ወጣ። ፈታኞቼ አደነቁት። እኔ ግን ይህ ቁጥር አስተያየታቸው ወጥ መሆኑን ሳይሆን ጥንቃቄያቸው ወጥ መሆኑን ሊለካ እንደሚችል አውቅ ነበር። ሰው ከጥያቄ ጥያቄ ሳይዛነፍ ቢጠነቀቅ አልፋው ከፍ ይላል። አልፋ የመልሶችን ስምምነት እንጂ እውነትነታቸውን አይመረምርም። መንገድ መሪዬ በጥናቴ የምስጋና ገጽ ላይ በክብር ተጠቅሷል፤ የምርምር ዘዴዬን በዘረዘርኩበት በምዕራፍ ሦስት ውስጥ ግን የለም።

ይህ የእኔ ብቻ ጉድለት ቢሆን ኖሮ በጓዳዬ በተውኩት ነበር። በዚያው ዓመት አፍሮባሮሜትር የተባለው የጥናት ድርጅት በኢትዮጵያ የሕዝብ አስተያየት አሰባስቦ ነበር። አገራቸው ዴሞክራሲያዊት መሆኗን የመሰከሩት መላሾች ብዛት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች አንጻር እጅግ ከፍ ያለ ሆነ። ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህ ከፍርሃት የመነጨ ነው፣ ካለማወቅ ነው ወይስ ሕዝቡ ዴሞክራሲን በራሱ መንገድ ስለሚረዳው ነው ብለው በርዕሳቸው ላይ ጠየቁ። በእኔ አስተያየት ታላቅነታቸው ቁጥሩን ሳይቀበሉትም ሳይጥሉትም መመርመራቸው ነው። ጽሑፉ በወጣበት ጊዜ አገሪቱ በ2008 ዓ.ም. በጀመረው ተቃውሞ ትናጥ ነበር። ከዚያ በፊት በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች ወስደዋል። መንግሥት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሁለት መስተዋት ነበረው፤ ሁለቱም የራሱን ፊት መልሰው አሳዩት። መረጃ ማጣት ተገዢውን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም እንደሚያሳውር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ይህ ጠባይ ለሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ቆይቶ የጻፈውንና እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ያለው በከንቱ አልነበረም። ጄምስ ስኮትም የተገዢዎችን ስውር ንግግር የመረመረበትን የ1990 መጽሐፉን የከፈተው በኢትዮጵያውያን ተረት ነው፤ ለሚያልፍ ጌታ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሣ በስውር ንቀቱን ስለሚገልጽ ብልህ ገበሬ። እነርሱ ከእኛ የተማሩትን እኛ ወርቁን ትተን ሰሙን በሠንጠረዥ እንሞላለን።

መፍትሔውም የለም አይባልም። ሌቪን መጽሐፉን ባሳተመበት ዓመት ስታንሊ ዋርነር የተባለ ተመራማሪ መላሹን በዕድል መጋረጃ የመሸፈን ዘዴ አቀረበ። ከእርሱ ወዲህ የተለመደው አንዱ ዓይነት እንዲህ ነው፦ መላሹ ማንም ሳያይ ሳንቲም ይወረውራል፤ አንበሳው ከወጣ እውነቱ ምንም ይሁን «አዎ» ይላል፤ ሌላው ገጽ ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። ከ100 ሰዎች 50 ያህሉ በአንበሳው ምክንያት «አዎ» ይላሉ። 70 ሰው «አዎ» ካለ፣ ትርፎቹ 20 ከቀሩት 50 የመጡ ናቸው፤ ማለትም 40 በመቶ ገደማ። የማንም ምስጢር አልወጣም፤ የማኅበረሰቡ እውነት ግን ታወቀ። እርግጥ ሳንቲሙም ቢሆን መላሹ ካላመነው አይሠራም፤ መንገድ መሪ አጠገቡ ከቆመማ ጨርሶ።

ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሷል። ጥንቃቄው ግን አብሮት አልፈረሰም። ዛሬ መላሹ የጠያቂውን የአነጋገር ዘዬ ይሰማል፤ ስሙን ይጠይቃል፤ የማን ወገን መሆኑን ገምቶ ይመልሳል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እያለ ያደገ ሰው ቢጠነቀቅ ዋሸ አይባልም። የዋሸው መጠንቀቁን እያየ «አስተያየት» ብሎ የመዘገበው ነው።

ተማሪዬን «ስትጠይቂያቸው ከአጠገብሽ ማን ነበር?» አልኳት። ለአፍታ ዝም ብላ «አገልግሎቱን የሚሰጡት ባለሙያ አብረውኝ ነበሩ» አለች። ይህንኑ በምዕራፍ ሦስት እንድትጽፍ፣ ከመላሾቿ ጥቂቶቹንም ብቻዋን ሄዳ እንደገና እንድታነጋግር ነገርኳት። ፈታኞች እንዳይጥሏት ፈራች። ፍርሃቷ እውነት ነው፤ እኔም በእርሷ ዕድሜ ለዚሁ ተሸንፌያለሁ። በፈተናዋ ቀን አማካሪዋ ሆኜ አብሬያት እቀመጣለሁ፤ ፈታኞቹ ከጠየቋት ደግሞ የራሴን ምዕራፍ ሦስት አቀርብላቸዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።