ዳኮታን በ1 ለ 72

ከስንት ዓመት በኋላ ወደ ሞዴል አውሮፕላን ሥራ ተመልሻለሁ። የመለሰችኝ «ፀሐይ» ናት። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች ትንሽ አውሮፕላን። በፋሺስቱ ወረራ ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ2024 ለአገሯ ስትበቃ፣ ፎቶዋን ስልኬ ላይ እያጎላሁ ጎማዋን፣ አፍንጫዋን፣ የጅራቷን አቀማመጥ ስመረምር አመሸሁ። እንዲህ አድርጌ አውሮፕላን ያየሁት ልጅ ሳለሁ ነበር።

ያኔ አጎቴ ከውጭ ሲመጡ ኤርፊክስ የተባለ ኩባንያ የሚያወጣውን የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ይዘውልኝ መጡ። ሥራውን ለማታውቁት ላስረዳ። የእውነተኛው አውሮፕላን አካል በልኩ ተቀንሶ በፕላስቲክ ይቀረጻል፤ ክንፉ፣ ጎማው፣ የአብራሪው ወንበር ሳይቀር በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተያይዞ በሳጥን ይመጣል። ገዢው እየቆረጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ፣ እያጣበቀና እየቀባ ይገጣጥመዋል። ብዙ ሰው የሚሠራው በ1 ለ 72 ነው፤ እውነተኛው ላይ 72 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ኤርፊክስ የመጀመሪያውን ስፒትፋየር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ካወጣ ወዲህ በየአገሩ ስንት ልጅ በዚህ ልክ አውሮፕላን አውቋል።

ከዚያ ትምህርት መጣ፣ ሥራ መጣ፣ ትዳር መጣ። ዙሪያዬ ያለው ሰውም «የልጅ ጨዋታ» ይለው ስለነበር ቀጥልበት የሚለኝ አልነበረም። ይህን አባባል ዛሬ አጥብቄ እቃወማለሁ። አንድን ማሽን ከውስጥ ጀምሮ በቅደም ተከተል በገዛ እጅ መገጣጠም ትምህርት ነው። ክንፉ ለምን ወደ ላይ ቀና እንዳለ፣ ጎማው ወዴት እንደሚታጠፍ፣ አየሩ ወደ ሞተሩ በየት እንደሚገባ ሳይጠይቅ አንድ ሞዴል የጨረሰ ሰው አላውቅም።

ስመለስ ያገኘሁት ሥራ ግን ያኔ የማውቀው አይደለም። በድሮዎቹ ሞዴሎች ላይ የቆርቆሮው መጋጠሚያ መስመር ወደ ላይ ያበጠ ነበር። ሩብ ሚሊ ሜትር የምታህል እብጠት በ72 ስትባዛ 18 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ የለበሰ አውሮፕላን የትም የለም። ዛሬ ቅርጹ የሚነደፈው በኮምፒውተር ነው። መስመሩ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በስሱ፣ ብርሃን ሲያገኘው ብቻ ይታያል። ዓይኔም የያኔው ዓይን አይደለም፤ ማጉያ መነጽር ሳላደርግ ወረንጦ አላነሳም።

እዚህ አዲስ አበባ ዕቃውን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሳጥኑ በዘመድ ሻንጣ ይመጣል። ፕላስቲኩን አቅልጦ ሁለቱን ቁራጭ አንድ የሚያደርገው እውነተኛው የሞዴል ማጣበቂያ ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ሻንጣ አይጫንም። ስለዚህ አካሉን የምገጥመው ከሰፈር ሱቅ በሚገኘው ሱፐር ግሉ ነው። ቶሎ ስለሚይዝ ፋታ አይሰጥም፤ ቁራጩ በደረቁ ልክክ እስኪል ድረስ ደጋግሜ ገጥሜ፣ ሞርጄ፣ መልሼ ገጥሜ ነው ጠብታዋን የማስነካው። ለመስኮቶቹ ግን ሱፐር ግሉ አይሆንም፤ ትነቱ መስተዋቱን ያደበዝዘዋል። ለእነሱ አናጺ የሚሠራበት ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል። ቀለሙም በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ነው።

ለመመለሻዬ የመረጥኩት ዳኮታን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ካይሮ የገባበት የመጀመሪያ በረራ በሲ-47 ነበር። ከአሜሪካ ጦር ትርፍ ንብረት የተገዙ አምስት ነበሩ፤ ሕዝቡ ዳኮታ ይላቸው ነበር። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ሆኗል።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ በሩ ነው። ሲ-47 የተሠራው ለጦር ጭነት ስለሆነ በግራ ጎኑ፣ ከክንፉ ኋላ፣ ሰፊ ባለ ሁለት መዝጊያ በር አለው፤ ለመንገደኛ ተብሎ የተሠራው መንትያው ዲሲ-3 ግን ጠባብ በር ነው ያለው። በአየር መንገዱ ሲ-47 መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳውን ታክኮ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰር ነበር። አግዳሚውን ከስስ የፕላስቲክ ሉህ ቆርጬ ሠራሁት፤ የጭነቱን ጆንያ ከኤፖክሲ ስቱኮ አድቦልብዬ፣ ሳይደርቅ በመርፌ ጫፍ ስፌት አወጣሁለት። አካሉ ሲዘጋ ይህ ሁሉ ይሸፈናል። ስለዚህ በሩን ክፍት አድርጌ አጣበቅሁት፤ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው አንድ ጆንያና የአግዳሚውን ጫፍ ያገኛል።

ከዚያ የቀለሙ ጉዳይ መጣ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው የሌላ አገር ጦር ምልክት ነው። የአየር መንገዱን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መስመር፣ አንበሳውንና የምዝገባ ፊደሉን ራስ መሥራት ግድ ነው። የቤት ማተሚያ ነጭ ቀለም የለውም፤ ቀለሙም ስስ ስለሆነ ግልጽ ተለጣፊ ወረቀት ላይ የታተመ ቢጫ ብርማ አካል ላይ ሲያርፍ ይጠፋል። ስለዚህ መስመሮቹን በፕላስተር ከልዬ በብሩሽ ቀባኋቸው፤ ከሥራቸው ነጭ አስቀድሜ። አንበሳውን ነጭ መደብ ባለው ተለጣፊ የሞዴል ወረቀት ላይ አትሜ፣ ዙሪያውን በምላጭ ጠርቤ፣ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ከወረቀቱ ሲላቀቅ በእርጥብ ብሩሽ እየገፋሁ ቦታው ላይ አሳረፍኩት። ሥሩ ያለው ቀለም የሚያንጸባርቅ ካልሆነ አየር ይይዝና ጠርዙ ነጭ ያወጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ቫርኒሽ ይቀባል።

እስከዚህ ድረስ እጅ ይበቃል። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስፈልግ የምውለውም እሱን ነው። የዚያ ዘመን ፎቶ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። አረንጓዴውና ቀዩ ሁለቱም ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ፎቶ የሚነሳው ሰው ደረጃው ላይ ይቆማል፤ አውሮፕላኑ ከጀርባው በግማሽ ይቆረጣል። የአንዱ ፎቶ መስመር ከሌላው ይሰፋል፤ ዓመቱ ስላልተጻፈበት የትኛው እንደሚቀድም አይለይም። የስፒትፋየርን እያንዳንዷን ቀለም የሚተነትን መጽሐፍ በየአገሩ አለ። የእኛ አውሮፕላኖች ማስረጃ ግን የሚገኘው በየቤቱ፣ በየአልበሙ ተበትኖ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እነዚያን አውሮፕላኖች የጠገኑት፣ ያበረሩት፣ መንገደኛ ያስተናገዱባቸው አባቶችና እናቶች እያለፉብን ነው።

ከዳኮታ ቀጥሎ «ፀሐይን» ከባዶ፣ ከፕላስቲክ ሉህና ከሽቦ ልሠራት አስቤያለሁ። እሷ አገሯ ገብታለች፤ ሊለኳት ይቻላል። ከቀሩት አውሮፕላኖቻችን ብዙዎቹ ያሉት ግን በፎቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልለምናችሁ። አባታችሁ ወይም አያታችሁ አየር መንገድ ወይም አየር ኃይል የሠሩ ከሆነ አልበሙን ዛሬውኑ አውጡት። ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ የት ነው፣ መቼ ነው፣ አጠገብዎ ያሉት ማን ናቸው፣ መስመሩ ምን ቀለም ነበር ብላችሁ ጠይቁና ጻፉት። ስካን ስታደርጉ ጠርዙን አትቁረጡ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈ ካለም እሱንም አንሱት። በኮምፒውተር ቀለም አትቀቡት። የዳኮታ የግራ ጎን፣ በሩ ያለበት፣ የሚታይበት ፎቶ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።