«ብልጡ» ኪቦርድ ላሊበላ ሲገባ

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ እግር ኳስም አናወራም። የምናወጋችሁ ስለ አንድ ኪቦርድና ስለ ራሳችን ሞኝነት ነው።

እኛ ሁለት ጓደኛሞች ላሊበላ ውስጥ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችን። ቱሪስት ሲመጣ የቱሪስት ሥራ እንሠራለን። ቱሪስት ሲጠፋ (ከኮሮና ወዲህ መጥፋት አብዝቷል) የሚያኖረን የላስታ ገበሬ ነው። ቅዳሜ ለገበያ ብሎ ከደጋው ሲወርድ በዚያው ማመልከቻ ያስጽፋል፤ የመሬት ውርስ፣ የድንበር ክርክር፣ የቀለብ ጉዳይ። ገበያው ሳይበተን ስንት ገጽ ጻፍን? እንጀራችን እሱ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዳችን አዲስ አበባ ሄደ። ለፕሪንተር መግዣ ያጠራቀምነውን ብር ይዞ አንድ ሱቅ ገባ፤ ይዞ የወጣው ግን ኪቦርድ ነው። ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈ ተስፋ የለም። ማንኛውንም ቋንቋ ይጽፋል፣ ፍጥነት እጥፍ ያደርጋል፣ ቁልፎቹ እንደፈለጋችሁ ይታዘዛሉ። ሻጩም «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ኪቦርድ አይደለም፤ ጸሐፊ ቀጠርክ በለው!» አለው። ዋጋው የተራው ዐሥር እጥፍ ነበር። ደሴን፣ ወልድያን፣ ጋሸናን አቋርጦ ሲደርስ እንደ ሙሽራ ተቀበልነው። በጨለማ ቀይና አረንጓዴ ሲያበራ ለማየት የሰፈሩ ልጆች በር ላይ ተደረደሩ።

ከዚያስ? «ቁልፎቹን ለማዘዝ መጀመሪያ ሶፍትዌሩን ከኢንተርኔት ያውርዱ» አለን። ብዙም ሳይቆይ ነሐሴ ገባ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ተቋርጦ ቆየ። ጸሐፊያችን ያለ ሥራ ደመወዝ በላ ማለት ነው። በመጨረሻ ሶፍትዌሩ ከአዲስ አበባ በፍላሽ መጣልን።

እውነቱን ለመናገር እንግሊዝኛው ላይ አልሰነፈም። የአስጎብኚዎችን ሲቪ ግማሹን በአንድ ቁልፍ ይሞላዋል። ችግሩ አማርኛው ላይ ነው። ሶፍትዌሩ «አማርኛ» የሚል ምርጫ አለው፤ ግን አንድ ሰ፣ አንድ ሀ፣ አንድ ጸ ብቻ ነው የሚያውቀው። ንጉሡ ሠ የለም! ሠን ራሳችን ቁልፍ ላይ ልናስቀምጥ ስንሞክር የጥያቄ ምልክት ይጽፍልናል።

«ሰም ሆነ ሠ ምን ልዩነት አለው?» የምትሉ አትጠፉም። እኛም እንደዚያው ብለን ነበር። አንዲት እናት የመሬት ደብተራቸውን ይዘው መጡ፤ ስማቸው በሠ ነው፤ እኛ በሰ ጻፍነው። ማመልከቻውን ወስደው ሄዱ፤ «ይሄ ስም ደብተሩ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም» ተብለው ተመለሱ። ከመንደራቸው ከተማ ለመድረስ ሦስት ሰዓት በእግር ይሄዳሉ። በእኛ ብልጥ ኪቦርድ የተነሣ ሌላ ቅዳሜ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መመርመር የጀመርነው። ለካስ ኪቦርድ ራሱ ፊደል አያውቅም! ቁልፍ ስንጫን ለኮምፒውተሩ የሚልከው የቁልፉን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ወደ «ሀ» ወይም ወደ «ኤ» የሚለውጠው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ቨን ሳንጨምር 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ ገና አልተቆጠሩም። የተለመደው ኪቦርድ ያለው ቁልፍ 104 ገደማ ነው። ይህን ጭንቅ ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ በአማርኛው የጽሕፈት መኪና ታግለውታል። በኋላም እነ ዶክተር አበራ ሞላ ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ ለማዋል ደከሙ። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ዛሬ ሠም ሐም ኀም ሳይቀሩ የሚያስጽፍ ኪይማንን የመሰለ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ካርቶኑ የሸጠልን ሌሎች የለፉበትን ሥራ፣ ያውም አጉድሎ!

የተታለልነው እኛ ብቻ እንዳንመስላችሁ። በ2005 እ.ኤ.አ. የሩሲያው አርቴሚ ሌቤዴቭ ስቱዲዮ እያንዳንዱ ቁልፉ ትንሽ ስክሪን የሆነ ኪቦርድ እሠራለሁ ብሎ ዓለምን አስጎምጅቶ ነበር። ዋጋው ከጥሩ ሞባይል ያነሰ ይሆናል ተብሎም ነበር። በ2008 ገበያ ላይ ሲወጣ ከ1500 ዶላር በላይ ሆኖ አረፈው። ቁልፉ ላይ የፈለጉትን ፊደል መሣል ይቻላል፤ ሥዕሉ ግን ቋንቋ አያውቅም።

ስለዚህ ወገን፣ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ተራው ኪቦርድ በነፃ ፕሮግራም የማይሠራው ምን ይሠራል? ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ እዚሁ ፊቴ ስሜን ከነፊደሉ ጻፍልኝ በሉት።

እኒያ እናት በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። በአሮጌው ኪቦርድ፣ በሠ አድርገን፣ ያለ ክፍያ ጻፍንላቸው። ወረቀቱን ከደብተራቸው ጋር ፊደል በፊደል አስተያይተን አሳየናቸው። ያንን የሚያበራውን ቀና ብለው አዩትና «ልጆቼ፣ ይሄ መብራት ብቻ ነው እንዴ?» አሉን።

አዎ እማማ፣ መብራት ብቻ ነው። እሱም መብራት ሲኖር።

ቸር እንሰንብት!