ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ መርማሪው ሊቅ

በሐይቅና በአምባሰል አገር አእምሮው የታወከ ሰው ሲገኝ ቤተ ዘመዱ አስቀድሞ ወደ ጠበል ይወስደዋል፤ የማይያዝ የሆነ እንደ ሆነ ግን በገመድ ወይም በእግር ብረት ያስረዋል። ይህም ሌላ መንገድ ከማጣት እንጂ ከጭካኔ የመጣ አይደለም። እኛም በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን፣ አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን አስረው አምጥተው «መንግሥት ይረከበኝ፤ እኔ ደከምሁ» ብለው ሲያመለክቱ ቃላቸውን ጽፈናል። የሽማግሌው እጅ ከታሰረው ልጅ እጅ ይልቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሕጉ ስለ እንዲህ ያለው ሰው የሚለው ግልጽ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48፣ በሕመም ምክንያት የሥራውን ጠባይና ውጤት ለማወቅ ያልቻለ ሰው በወንጀል እንዳይጠየቅ ይደነግጋል። ነገር ግን ሕግ ከቅጣት ያድናል እንጂ አያክምም። እንግዲህ ለእንደዚህ ያለው አባት መልስ የሚሰጥ ማን ነው?

መልሱን ሲፈልጉ ከኖሩት ያገራችን ሊቃውንት አንዱ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ናቸው። እኒህ ሊቅ በቡታጅራ ገጠር ስለሚኖረው ሕዝብ የአእምሮ ጤና መርምረው የጻፉትን አቅርበው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 በስዊድን አገር ከኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። ከዚያም ከባልደረቦቻቸው ጋራ በዚያው በቡታጅራ 68,378 ሰዎችን አስጠየቁ። ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ሕመም የተያዙ 321 ሰዎች ተገኝተው ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው፤ ከነዚህም ከመቶው 90 ያህሉ ከዚያ በፊት ምንም ሕክምና አላገኙም ነበር። በ2015 የወጣው የ10 ዓመት ክትትል ደግሞ፣ በጽኑ የአእምሮ ሕመም የተያዙት ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንደሚያጡ አስረዳ። ከሞቱትም እኩሌታ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው።

ቡታጅራ ከሐይቅ ሩቅ ነው፤ የገበሬው ችግር ግን አንድ ነው። በአዲስ አበባ ወዳለው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ለመድረስ ከሐይቅ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል፤ የታሰረ ልጅ ይዞ ይህን መንገድ የሚችል ስንቱ ነው? ስለዚህ ሊቃውንቱ ሕክምናው ራሱ ወደ ሕመምተኛው እንዲቀርብ አሰቡ። በ2003 የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማስተማር ተጀመረ፤ ቀጥሎም በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሕመሙን ለይተው እንዲያክሙ ተማሩ። በ2022 የወጣው ጥናትም፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕክምና የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት እንደማያንስ አረጋገጠ።

የተከበራችሁ ባለሥልጣኖችና መኳንንት ሆይ፤ ጠበሉን መድኃኒት አይከለክለውም፤ ሁለቱም ለአንድ ሰው መዳን ነው። በየወረዳችሁ የታሰረ ሰው መኖሩን ብትሰሙ ሰንሰለቱን ከማየታችሁ አስቀድሞ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ መድኃኒቱና የተማረ ሠራተኛ እንዳለው ጠይቁ። ሊቁ ዕድሜያቸውን ሰጥተው የቈጠሩት ሕመምተኛ፣ በእኛ ቸልታ ተቈጥሮ ብቻ እንዳይቀር።