ከሆድ ሥር ያለው ላሜራ

ከሰቆጣ ወደ ሰሃላ ስንጓዝ ሹል ድንጋይ የላንድክሩዘራችንን የሞተር ዘይት ቋት ቀደደው። አብራን የነበረችው ነፍሰ ጡር እህታችን እስከ ምሽት ጥላ ሥር ቆየች። አልሐምዱ ሊላህ፣ በሰላም ደረሰች።

ወዲያው የሞተር መከላከያ ላሜራ ልናሠራ ጋራዥ ገባን። አሉሚኒየም ያማልላል፤ ክብደቱ የብረት ሲሶ ያህል ነው፣ እንደ ብረትም አይዝግም። ግን ድንጋይ ይቦረቡረዋል፤ ከተሰነጠቀም ተራ በያጅ አይችለውም። ብረት ቢጎብጥ በመዶሻ ይቃናል። ክብደቱን ችለን ብረት መረጥን፤ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር፣ ከሻንሲው ጋር በብሎን የሚታሰር፣ ቋቱን የማይነካ። ሠራተኛው ለዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳ መተው ረስቶ ነበር! ዘይት በለወጥን ቁጥር ሁሉንም ልንፈታ ነበር።

አሁን ከጉዞ ስንመለስ መኪናው ሥር ተኝተን ላሜራው ላይ የተጠራቀመውን ደረቅ ሣር እንጠርጋለን፤ የጋለ የጭስ ማውጫ ከነካው እሳት ሊያስነሳ ይችላል።