አልጋ ይዛችኋል?

ኅዳር ሲጋመስ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወሬ ይጀመራል፤ "ዘንድሮ ገናን ላሊበላ ነኝ።" በታክሲ ውስጥ፣ በቢሮ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይወራል። ተከትለው የሚመጡት ጥያቄዎችም የታወቁ ናቸው። በአውሮፕላን ነው በመኪና? ከማን ጋር? ስንት ቀን? "አልጋ ይዛችኋል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም የለም። እኛ አገር አልጋ ከስንቅ አይቆጠርም። ጋቢው ይታሰባል፣ በሶው ይታሰባል፣ ለስለት የሚገባው ጃንጥላ ሳይቀር ይታሰባል፤ አልጋው "እዛው ስንደርስ አናጣም" ተብሎ ይታለፋል። ሐዋሳ ላይ ይህ ያስኬድ ይሆናል። ታኅሣሥ 28 ቀን ማታ ላሊበላ ላይ ግን፣ ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎጃም በእግሩ የመጣው ሕዝብ የቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያ፣ የመንገዱን ዳር፣ የየግቢውን ጥግ ሞልቶ ነጭ በነጭ በሚያደርግበት ሌሊት፣ "አልጋ አለ?" ብሎ መጠየቅ ራሱ ያሳፍራል።

እናላችሁ... እኛ ቤት ክርክሩ የተነሣው በ2015 ዓ.ም. ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት ላይ ተፈርሞ "መንገዱ ሰላም ነው" መባል የተጀመረበት ወቅት ነበር። ታላቅ እህቴ ከዋሽንግተን መጥታለች። እናታችን ሰባ ዓመት አልፏት ጉልበቷን ያማታል፤ ላሊበላን ሳትሳለም እንዳትሞት ስለት አለባት። እህቴ ስልኳን ከፍታ የሆቴሎቹን ፎቶ አንድ በአንድ ታሳየናለች። እውነትም ያምራሉ። በረንዳው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ከሥሩ ሸለቆው፣ ከሸለቆው ማዶ ተራራ፣ ከተራራው ማዶ ሌላ ተራራ። እናቴ ዝም ብላ ካየች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ከቤተ ማርያም በእግር ስንት ደቂቃ ነው?"

እህቴ ፈለገች። ቁርሱ ተጽፏል፣ ሙቅ ውኃው ተጽፏል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚታይበት አቅጣጫ ተጽፏል። የእናቴ ጥያቄ መልስ ግን የትም የለም።

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ፣ ከአሸተን ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ሜዳ የሚባል ነገር አልተፈጠረላትም፤ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። አብያተ ክርስቲያናቱ ዮርዳኖስ የሚባለውን ወንዝ መሐል አድርገው በሁለት ወገን ይገኛሉ፤ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ወጣ ብሏል። ከሆቴሎቹ እንደ ሰባት ወይራና በመንግሥት እጅ እንደቆየው ሮሃ ያሉት የቀድሞ ሰዎች ናቸው። ኋላ የመጡት ብዙዎቹ ግን አፋፍ አፋፉን ይዘው ነው የተሠሩት። የተሠሩትም ጠዋት መኪና ወስዶ ለሚያወርደው፣ ከሰዓት በኋላ መልሶ ለሚያወጣው፣ ማታ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሸለቆውን ለሚያይ እንግዳ ነው። ለእሱ ደግሞ ጥሩ ቤት ናቸው፤ በዚህ አላማቸውም። ነገር ግን በገና ሌሊት ያ መኪና በዚያ ሕዝብ መሐል አያልፍም። ለሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ያን ዳገት በእግሯ ልትወርድ ነው ማለት ነው። ሊያይ የሚመጣና ሊሳለም የሚመጣ ሰው የሚፈልጉት አልጋ አንድ አይደለም።

እህቴ ቶሎ አትሸነፍም። "እንግዲያው ገጠር እንሂድ" አለች። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ መቄት ላይ የተጀመረ፣ ኋላም ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የዘለቀ ነገር አለ። ገበሬዎቹ በማኅበር ሆነው በድንጋይና በሳር ክዳን ጎጆዎች ሠርተው እንግዳ ያሳድራሉ። ጓዝ በአህያ ተጭኖ ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው በእግር ይኬዳል፤ የሚያበስሉትም፣ መንገድ የሚመሩትም፣ ገንዘቡን የሚቀበሉትም የመንደሩ ሰዎች ናቸው። "ተስፋ" በሚል ስም ነው የሚታወቀው። እኔ ሐሳቡን ወደድኩት፤ አሁንም እወደዋለሁ። እናቴ የጎጆውን ፎቶ አይታ፣ "ተወልጄ ያደግሁበትን ቤት ልትከራዩልኝ ነው?" አለችን።

እህቴ በዚህ ጊዜ ስለ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ነገረችን። ቤተሰቦቿ ከአየርላንድ የመጡ ናቸው። በየዓመቱ ወደ ምዕራብ አየርላንድ ስትሄድ የሳር ክዳን ያለው የድሮ የገበሬ ጎጆ ትከራያለች። ግድግዳው ድንጋይ፣ በነጭ ኖራ የተቀባ፣ ምድጃው ውስጥ እሳት የሚነድበት። ለክዳኑ ሲባል ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እስቲ አስቡት! የላስታን የድንጋይ ቤት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ክብ ሆኖ ባለ ፎቅ፣ ደረጃው በውጭ በኩል ዞሮ የሚወጣ፣ ላዩ ሳር። ሌላው አገራችን ብዙም የማይታይ ቤት ነው። ቅርሱን ለመጠበቅ ተብሎ ነዋሪው ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ሲነሣ ለመታያ የቀሩ አሉ። ሌላው ግን በቆርቆሮ ተተክቷል። ቆርቆሮ የለበሰውን ሰው አልፈርድበትም፤ ሳሩም ጠፍቷል፣ ክዳን የሚያውቀውም ሰው አርጅቷል። የሚቆጨኝ በድንጋይ ሥራ ዓለምን ባስደነቀ ከተማ ውስጥ ለእንግዳ የሚሠራው አዲስ ቤት የቦሌን ፎቅ ለመምሰል ሲደክም ማየቱ ነው።

በመጨረሻ እናቴ አሸነፈች። በሚያውቅ ሰው በኩል፣ ከቤተ ማርያም የአሥር ደቂቃ መንገድ በማይሞላ ቦታ፣ አንዲት ባለቤታቸው የሞተባቸው እናት ለገና ሁለት ክፍል እንደሚያከራዩ ሰማን። ስልክ ተደወለ። ጥያቄውን ሁሉ እኔ ነበርኩ የምጠይቀው። ውኃ አለ? "ሮቶ አለ፤ ሮቶው ካለቀ በጀሪካን ይቀዳል።" መብራት? "ሲመጣ አለ።" ሽንት ቤት? "ግቢው ውስጥ፤ ደረጃ የለውም።" ይህን ሲሉ እናቴ ከጎኔ ሆና "ተባረኪ" አለች። ብርድ ልብስ? "ጋቢም ጨምራችሁ ያዙ።" የታኅሣሥ የላሊበላ ብርድ ቀልድ አያውቅም። የቁንጫውን ነገር ለመጠየቅ አፈርኩ፤ እሳቸው ግን ራሳቸው አነሡት። "ከምንጣፉ ተሸክማችሁ ትመጣላችሁ እንጂ ቤቴስ የለም።" አብያተ ክርስቲያናቱን የተሳለመ ሰው የቱን ምንጣፍ እንዳሉ አይጠፋውም።

ዋጋው ግን... የአዘቦቱ ሦስት እጥፍ! እህቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ መከራከር ጀመረች። ዋሽንግተን ውስጥ ለአንድ ሌሊት ሁለት መቶ ዶላር ሲሏት ካርዷን ያለ ቃል የምትሰጥ ሰው፣ በብር ሲሆን ልቧ ለምን እንደሚጠብቅ እኔ እንጃ። "በገና እንዲህ ይደረጋል? ክርስቲያኖች አይደለን?" አለቻቸው። አከራያችንም "ክርስቲያኖች ነን፤ ዋጋውም ያው ነው" አሉ።

በቁጥር ስናየው እንዲህ ነው። ላሊበላ ላይ የእንግዳ ወቅት የሚባለው ከመስከረም እስከ ጥር ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቤቱ ጢም የሚልበት ሌሊት በጣት ይቆጠራል። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና መጣና እንግዳው ቀረ። ከዚያ ጦርነቱ ተከተለ። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ በመጨረሻ የወጡት ታኅሣሥ 2014 ላይ ነው፤ ገና ሊደርስ የሳምንታት ጊዜ ሲቀር። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ሊስትሮው፣ ባለሆቴሉ፣ ሁሉም ከአንድ ማዕድ የሚበላ ከተማ ነበርና ማዕዱ ሲነሣ ሁሉም እኩል ተራበ። እንግዲህ በ2015 የተጠየቅነው ዋጋ የሦስት ሌሊት ኪራይ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ፍራሹ አዲስ መሆኑን ገና ስንገባ አየሁና "አዲስ ገዙ?" አልኳቸው። "የድሮው በዚያ ጊዜ ሄደ" ብለው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። እኔም አልደገምኩም።

ስንደርስ ግን ያልጠበቅነው ነገር ነበር። አከራያችን ውኃ አሙቀው፣ ሳፋ ይዘው ወጡና ከእናቴ እግር ሥር ተንበረከኩ። ላሊበላ ውስጥ ለገና የመጣን እንግዳ እግር ማጠብ የቆየ ወግ ነው፤ በየመንደሩ ወጣቶች ሳይቀሩ ሳፋና ጀሪካን ይዘው መንገድ ዳር ይጠብቃሉ። በመኪና መጥተን እግራችን አቧራ እንኳ ሳይነካው ተራ በተራ ታጠብን። እህቴ "እኔን ተዉኝ፣ አይሆንም" ብላ ስትግደረደር "ዝም በይ፣ ልጄ" አሏትና አጠቧት። እናቴ ከመቀነቷ ብር ፈትታ ልትሰጣቸው ስትል "ይኼ አይከፈልበትም" ብለው መለሱላት። የኪራዩን ሒሳብ ግን እዚያው ቁጭ ብለው፣ ምራቃቸውን በጣታቸው እያስነኩ፣ እስከ መጨረሻዋ ብር ቆጠሩት። ሁለቱ ነገር እሳቸው ዘንድ አልተጋጨም። የተጋጨብን እኛ ነን።

የገና ሌሊት ታዲያ ማን ይተኛል! አመሻሹ ላይ ወጣን፣ ማኅሌቱ ቆመ፣ ነጋ፣ በማሜ ጋራ አፋፍና ከታች ባለው ግቢ ቤዛ ኩሉ ተባለ። ስለዚያ ጠዋት ብዙ ተጽፏልና ልለፈው። ለኪራዩ ነገር የሚያስፈልገው ይኼ ብቻ ነው፤ ከሁሉ ሌሊት ውድ የሆነው ሌሊት ማንም አልጋው ላይ የማያድርበት ሌሊት ነው።

ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደክሞን ስንመለስ የክፍላችን በር ገርበብ ብሏል። ገፋ ሳደርገው ሦስት አሮጊቶች ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፈው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። ከሰቆጣ በኩል በእግራቸው የመጡ ናቸው። ስንት ቀን እንደተጓዙ ባልጠይቅም የተሰነጠቀው ተረከዛቸው ይናገር ነበር። የእህቴ ቦርሳና ላፕቶፕ ካስቀመጠችበት ንቅንቅ አላለም።

እህቴ ተቆጣች፤ በእውነት ተቆጣች። "የከፈልንበት ክፍል ነው! እንዴት ሳይነግሩን ሰው ያስገባሉ?" አከራያችን ደነገጡ። የደነገጡት ግን በጥያቄው ነው። "አልጋውን እኮ አልነኩትም" አሉ።

ይህችን መልስ ብዙ ጊዜ አስቤባታለሁ። እህቴ የተከራየችው ክፍሉን ነው፤ በሩን፣ ቁልፉን፣ ባዶውን አየር ጭምር። እሳቸው ያከራዩት አልጋውን ነው። "አልጋ ይዛችኋል?" ስንል አፋችን የሚለው ራሱ ይኼንኑ አይደል? የተረፈው ወለል የቤቱ ነው፤ በገና ሌሊት ደግሞ የመሸበት ሁሉ ነው። ፍርድ ስጥ ብትሉኝ ሁለት ሦስተኛውን ለአከራያችን እሰጣለሁ። ብርድ ላይ ሦስት አሮጊት ቁጭ ብለው የተዘጋ ባዶ ክፍል መጠበቅ እሳቸውን እንደ ኃጢአት ነው የሚከብዳቸው፤ እኔንም ይከብደኛል። አንድ ሦስተኛው ግን የእህቴ ነው። ሲያከራዩን መናገር ነበረባቸው። ሌላው ቢቀር የሰው ገንዘብ፣ የሰው ፓስፖርት ያለበት ክፍል ነው፤ አንድ ነገር ቢጠፋ ኖሮ በእነዚያ ምስኪኖች ላይ የሚወድቀውን ጥርጣሬ ማን ያነሣዋል?

እናቴ ፍርድ ውስጥ አልገባችም። ከሴቶቹ አጠገብ ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብላ ዳቤዋን ቆርሳ ታካፍል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ነገር መልሶ ተበላሸ። በክረምቱ፣ በ2015 መጨረሻ፣ ላሊበላ በመንግሥት ጦርና በፋኖ ውጊያ ውስጥ ገባች፤ ገና ደጋግሞ ሲከበር የሩቁ እንግዳ ሳስቷል። አሁን "የት እንደር?" ብለው ለሚጠይቁኝ መልሼ የምጠይቃቸው ሁለት ነገር ነው። መንገዱን አጣርታችኋል? ደግሞስ ምን ልታደርጉ ነው የምትሄዱት? በጥቅምት አበባ፣ ልጆች ይዞ፣ ተራራ ሊያይና ሊያርፍ ለሚሄድ ሰው አፋፍ ላይ ያለ ሆቴል ይያዝ እላለሁ፤ ያኔ ዋጋው ልክ ነው፣ ባለቤቱም እንግዳ ይፈልጋል። ለገና ከሆነ ግን ካርታ አውጥቶ ከቤተ ማርያም ዳገቱን መለካት ነው። ስለ ቁርስ የሚጠይቀኝን አልመልስለትም፤ ቁርሱ ጾም እስኪፈታ ሽሮ ነው።

አከራያችን በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይደውላሉ። ክፍሉ አለ፣ ዋጋውም ያው ነው ይላሉ። ባለፈው ሲደውሉ እህቴ ከዋሽንግተን በስልክ ገብታ፣ ከሄድን ማንም እንዳይገባ አስቀድሞ ስምምነት ይደረግ አለች፤ ሁለቱንም ክፍል ለብቻችን ለመያዝ ጨምራ ልትከፍል ፈቃደኛ ናት። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ "እንደዚያ ከሆነ እኔን ከአሮጊቶቹ ጋር ደጅ ቁጠሩኝ" አለች። አከራያችን አሁንም መልስ እየጠበቁ ነው።