ስለ አያታችን ሽጉጥ

በመርጡለ ማርያም ከአያታችን ሣጥን፥ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ሽጉጥ ወጣ። ታናሽ ወንድሜ ዝገቱን በአሸዋ ፈግፍጎ ሊያስጌጠው ቸኰለ። እኔ ግን አስቀድሜ ቀጭን በትር በአፈሙዙ አግብቼ ብለካ፥ ጥልቀቱ በውጭ እስከ እሳት መግቢያው ቀዳዳ ካለው ርዝመት አጠረ፤ ጉርሻው በውስጡ ነበር። ደረቅ ባሩድ ዘመን ቢያልፍበትም እሳትን አይረሳምና፥ ለጠመንጃ ሠሪ ሰጥተን አስወጣነው። ከዚያም ዝገቱን በዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ብናብሰው፥ ከሥሩ የሠሪው ምልክት ተገለጠ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሞቱበት ሽጉጥ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ እንደ ነበረ የሚመሰክረው በላዩ የተቀረጸው ጽሕፈት ነው። ስለዚህ የአባቶቹን መሣሪያ የሚያጸዳ ሁሉ ይጠንቀቅ፤ በአሸዋ የተፋቀ ሽጉጥ ያብረቀርቃል እንጂ የማን እንደ ሆነ አይናገርም።