የከሰል ምድጃው፣ የልጄ ነስርና የእኔ መምህርነት

የድሮ ተማሪዎቼ ስታነቡት እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ፤ ግን ልጻፈው።

የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ሌሊት የኖረበት ያውቀዋል። ብርዱ አንድ ነገር ነው፣ ድርቀቱ ደግሞ ሌላ። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ጠዋት ጉሮሮ አሸዋ የዋጠ ይመስላል። ባለፈው ታኅሣሥ የ5 ዓመት ልጄን ሦስት ሌሊት በተከታታይ ነሰራት። የልጅ ትራስ ላይ ደም ማየት ምን እንደሚመስል ወላጆች ታውቁታላችሁ።

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ማታ ቤት በምናሞቅበት የከሰል ምድጃ ላይ ድስት ሙሉ ውሃ ጣድኩ። "እንፋሎቱ አየሩን ያረጥበዋል" ብዬ ለባለቤቴ በኩራት አስረዳኋት። ሙቀቱ እንዳይወጣም በሩ ሥር ጨርቅ ሸጎጥኩ። ጠዋት "ራሴን አመመኝ" ስትለኝ ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ማታ ነርስ ለሆነች የድሮ ተማሪዬ ስለ ነስሩ ልጠይቃት ደወልኩ። አዳመጠችኝና "ቲቸር፣ ከሰሉ እዚያው ክፍል ነው የሚያድረው?" አለች። አዎ አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣

"ካርቦን ሞኖክሳይድን እኮ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።"

ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ! ስልኩን ሳልዘጋ ምድጃውን አውጥቼ መስኮቱን በረገድኩት። በዚያ ብርድ።

ስለ ነስሩም ነገረችኝ። ደረቅ አየር የአፍንጫን የውስጥ ሽፋን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ሲነስራት ቁጭ ብላ ወደ ፊት ዘንበል ትበል፣ ለስላሳውን የአፍንጫዋን ክፍል ለ10 ደቂቃ ሳትለቅ ያዝላት፤ አልቆም ካለ ወደ ሐኪም። እኛ ደግሞ ወደ ኋላ ነበር የምናጋድማት!

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሂዩሚዲፋየር ላከልኝ፤ ጭጋግ የምትተፋ ትንሽ ማሽን። ሁለት ቴርሞሜትር አመጣሁና የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጠቀለልኩ። የሁለቱ ልዩነት ሲሰፋ አየሩ ደርቋል ማለት ነው። መጀመሪያ ልዩነቱ 9 ዲግሪ ነበር፣ ማሽኗ ካደረች በኋላ 6። ባለቤቴ "አሁን ገና መምህር ሆንክ" አለችኝ።

ችግርም አላት። በሳምንቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ዱቄት አየን። ማሽኗ ውሃውን አታፈላውም፣ በንዝረት ነው የምትበትነው፤ ስለዚህ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ማዕድን ሁሉ አብሮ ይወጣል። አፍልቼ ባቀዘቅዘውም ለውጥ የለም፤ ማፍላት ጀርሙን እንጂ ማዕድኑን አይጠርግም። ዲስቲልድ ውሃ ይሻል ነበር፣ በየቀኑ ከየት ይመጣል? ውሃዋን ማታ ማታ እቀይራለሁ፣ በሳምንት ሁለቴ በአቼቶ አጥቤ በደንብ አለቀልቃታለሁ፣ ከአልጋው አርቄ አስቀምጣታለሁ። መስኮቱ ላብ ሲያወጣ አጠፋታለሁ፤ ሲበዛ ደግሞ ግድግዳው ይሻግታል።

መብራት ሲጠፋ ፎጣ ነክረን እንሰቅላለን። ለአንዲት ጠባብ ክፍል እሱም ቀላል አይደለም።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ልጄ ከብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና "አባዬ፣ ፎጣው የታለ?" አለችኝ። ተነስቼ ነከርኩት።